ድምፁ የምስጢር፣ ቆጠራው የአደባባይ

ምርጫ በመጣ ቁጥር በብዙ ቤት የሚደጋገም ንግግር አለ። አያት «ካርዴን አወጣሁ፣ ተሰልፌ መረጥኩ፣ ጣቴን ቀለም አስነካሁ፤ የቀረውን እነሱ ያውቁታል» ይላሉ። የልጅ ልጅ ደግሞ «ማን እንዴት እንደቆጠረው በምን ይታወቃል? መርጠን ምን ልንሆን ነው?» ይላል። አንዱ ሁሉን አምኖ ይተወዋል፤ ሌላው ሁሉን ጠርጥሮ ይተወዋል። ምክንያታቸው ይለያይ እንጂ መተዋቸው አንድ ነው።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እሱም አይቶ ማመን ነው። ይህ የሚቻለው ምርጫ መዝገብ ስላለው ነው። ማን ተመዘገበ? ስንት ሰው መረጠ? ከሳጥኑ ስንት ወረቀት ወጣ? ለማን ስንት ተቆጠረ? እነዚህ ሁሉ በወረቀት ላይ የሚሰፍሩ ናቸው። አብዛኞቹንም ሕጉ ለሕዝብ ዓይን ክፍት አድርጓቸዋል። ችግሩ ብዙዎቻችን ለማየት አለመሄዳችን ነው።

የሚሸሸግና የማይሸሸግ

በሐይቅ ከተማና በአምባሰል ቀበሌዎች ለሠላሳ ዓመት ያህል በነርስነት ስሠራ ሁለት ዓይነት ወረቀት በእጄ አልፏል። አንደኛው የታካሚ ካርድ ነው። ይህ ምስጢር ነው፤ ባል ስለ ሚስቱ፣ እናት ስለ ደረሰ ልጇ ቢጠይቁን እንኳ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይገለጥም። ሁለተኛው በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የክትባት መከታተያ ሰንጠረዥ ነው። በዚህ ወር ስንት ሕፃናት ተከተቡ፣ ስንቱ ጀምረው አቋረጡ የሚለው ለመጣ ሁሉ ይታያል። የማንም ልጅ ስም የለበትም፤ ቁጥሩ ግን የሁላችን ነው። ካርዱን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነውር እንደሆነ ሁሉ ሰንጠረዡን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍም ጥፋት ነው።

ምርጫም እንዲሁ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መሠረት ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነው። በመከለያው ውስጥ የት ላይ ምልክት እንዳደረጉ ባለቤትዎም፣ ልጅዎም፣ የቀበሌ ሹምም ሊጠይቅዎ አይገባም። ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ ግን የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ድምር ይሆናል። ድምሩ ደግሞ የአደባባይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተን ሁለቱን ማቀላቀል ነው። «ምርጫ ምስጢር ነው» በሚል የተለጠፈ ውጤት ለማንበብ የሚፈራ ሰው አለ። በሌላ በኩል ደግሞ የገዛ ምራቱን «ለማን ሰጠሽ?» ብሎ የሚያፋጥጥ አባወራ አለ።

ከውጫሌ የምንማረው

የቅጂን ነገር ለአምባሰል ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከውጫሌ አቅራቢያ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ በምኒልክና በኢጣሊያው መልእክተኛ በኮንት አንቶኔሊ መካከል 20 አንቀጽ ያለው ውል ተፈረመ። ውሉ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ ተጻፈ። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መላላክ ይችላሉ የሚል ነበር። በኢጣሊያንኛው ግን መቻሉ ቀርቶ ግዴታ ሆነ። ልዩነቱ የተገለጠው ኢጣሊያ የራሷን ቅጂ ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት ካስታወቀች በኋላ ነው። ምኒልክ ውሉን አፈረሱ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በደም ተዘጋ።

ሁለት ቅጂ ያለው ወረቀት ሁለቱም ቅጂዎች ካልተመሳከሩ አንድ ወረቀት አይደለም። የምርጫ ውጤትም ቅጂ አለው። ጣቢያው ላይ ተቆጥሮ ቅጹ ሲሞላ አስፈጻሚዎቹ ይፈርማሉ፤ የፓርቲና የዕጩ ወኪሎች እዚያው ሆነው ያያሉ። ውጤቱ በጣቢያው በሚታይ ቦታ ይለጠፋል፤ ወደ ምርጫ ክልል ጽሕፈት ቤትም ተልኮ ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር ይደመራል። በመንገድ ላይ አንድ አኃዝ ቢቀየር ማን ያውቃል? የተለጠፈውን ያነበበና በደብተሩ የገለበጠ ሰው ብቻ ነው።

መዝግቦ በምስክር ፊት ማኖር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን ለአባ ኢየሱስ ሞአ የተጻፈው ወንጌል የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ጭምር ይዟል። አባቶች የገዳሙን ሀብት ዝርዝር በወንጌል ላይ የጻፉት ማንም በቀላሉ ሊፍቀው የማይደፍረው መጽሐፍ ስለሆነ ነው። በየመንደራችን ያለው ቅሬም ቢሆን ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይል ገንዘቡን የሚቆጥረው በአባላቱ ፊት ነው፤ ጸሐፊው መዝገቡን ያነባል፣ የተጠራጠረ ይጠይቃል። ጸሐፊውን የምንጠይቀው ሌባ ነው ብለን አይደለም፤ ነገ ማንም እንዳያማው ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለውም ለዚህ ነው።

መዝገቦቹ የትኞቹ ናቸው?

በሥራ ላይ ያለው ዋናው ሕግ የኢትዮጵያ የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። አንድ ቤተሰብ ሊያውቃቸው የሚገቡ መዝገቦች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የመራጮች መዝገብ ነው። ምዝገባው ካለቀ በኋላ ሕዝቡ እንዲያየውና እንዲያርመው ይፋ ይደረጋል። የጎደለ ስም፣ የተሳሳተ ዕድሜ፣ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ በቦታው የማይኖር ሰው ተመዝግቦ ቢገኝ ቅሬታ የሚቀርበው ያን ጊዜ ነው። በእኛ አካባቢ ብዙ ልጆች ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል። ሪያድ ያለችው ልጃችን ስም መዝገቡ ላይ ቢገኝ፣ ይህን ከእናቷ የበለጠ ማን ያውቃል? ባለፈው ወር የቀበርነው ጎረቤት ስም ቢገኝስ ከቅሬው በላይ ማን ይመሰክራል?

ሁለተኛው የቅሬታ መዝገብ ነው። በምርጫ ጣቢያ ደረጃ ቅሬታ የሚሰማ ኮሚቴ አለ፤ በውሳኔው ያልረካ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በአፍ የተነገረ ቅሬታ ግን ነፋስ ይወስደዋል። ተጽፎ፣ ቀን ተሰጥቶት፣ የተቀበለው ሰው ፈርሞበት አንዱ ቅጂ እጅ ላይ ሊቀር ይገባል።

ሦስተኛው ቀደም ብዬ ያነሳሁት የጣቢያው የውጤት ቅጽ ነው። አራተኛው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ይፋ የሚያደርገው የመጨረሻ ውጤት ነው። አራተኛውን በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንሰማዋለን። ሦስተኛው ግን ጎረቤታችን ባለው ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሳለ ሳናየው ዝናብ ይመታዋል።

በሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተደረገውን ስድስተኛውን አጠቃላይ ምርጫ እናስታውስ። ሰልፉ ስለረዘመ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሞ ነበር። ቦርዱ አጠቃላይ ውጤቱን ያስታወቀው ሐምሌ 3 ቀን ነው፤ በዚያም ውጤታቸው ከተገለጸው 436 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 410ሩን ብልጽግና ፓርቲ ማሸነፉ ተነገረ። ከምርጫው እስከዚያ ድረስ 19 ቀን ነው። በ19 ቀን ውስጥ ስንት ወሬ ይወለዳል! የጣቢያውን ቁጥር በደብተሩ የያዘ ሰው ግን ቢያንስ ስለ ራሱ ጣቢያ ወሬ አያስፈልገውም።

ቀላሉ ሂሳብ

የውጤት ቅጽ ማንበብ የተማረ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም። ክትባት ስንረከብ የምንሠራው ሂሳብ ነው። የተረከብነው ብልቃጥ፣ የተከፈተው፣ የባከነውና የቀረው ተደምሮ ካልገጠመ ወሩን አንዘጋም ነበር።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ጣቢያ 900 ሰዎች ተመዝግበው 720ዎቹ ፈርመው ወረቀት ወሰዱ እንበል። ከሳጥኑ የሚወጣው ከ720 ሊበልጥ አይገባም። 700 የሚሠራ ድምፅና 20 ዋጋ የሌለው ድምፅ ቢገኝ ሂሳቡ ገጠመ። ለዕጩዎቹ የተጻፈው ሲደመር ደግሞ 700 መምጣት አለበት። ሳጥኑ 760 ካወጣ ግን ጥያቄ አለ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይህን በደቂቃ ይሠራዋል። ልጅን ይዞ ሄዶ አብሮ መደመር ከብዙ የሥነ ዜጋ ትምህርት ይበልጣል።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ፤ ስርዝ ድልዝ። በነርስነት የተማርነው፣ ካርድ ላይ የተሳሳተ ነገር ሲኖር በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ ትክክለኛው ከጎኑ ተጽፎ፣ ቀንና ፊርማ እንዲጨመርበት ነው። የተሰረዘው መነበብ አለበት። በነጭ ማጥፊያ ፍሉድ መቀባት ክልክል ነው። ምክንያቱም ከነጩ በታች ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም።

ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ካለ የማላዊን ታሪክ ይስማ። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የፕሬዚዳንት ምርጫ ተደርጎ አሸናፊ ተነገረ። በብዙ የውጤት ቅጾች ላይ ግን ቁጥሮች በፍሉድ ጠፍተው እንደገና ተጽፈው ተገኙ። ቅጾቹ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ የካቲት 3 ቀን 2020 ፍርድ ቤቱ ምርጫውን ሰረዘ። በሰኔ ወር እንደገና ሲመረጥ ያሸነፈው ተቃዋሚው ላዛረስ ቻክዌራ ነበር። ጎረቤታችን ኬንያም በ2017 እንዲሁ ምርጫ በፍርድ ቤት ተሰርዞባታል። ከአምስት ዓመት በኋላ በ2022 ግን የኬንያ ምርጫ ኮሚሽን ከ46,000 በላይ የሆኑትን የጣቢያ ውጤት ቅጾች ፎቶ ለሁሉም ክፍት አደረገ። ጋዜጠኛውም ተማሪውም እቤቱ ተቀምጦ ደመረ። ክርክሩ ባይቀርም ሰው የተከራከረው በሚታይ ወረቀት ላይ ነው።

እኛም አገር የየጣቢያው ቅጽ እንዲሁ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ለማንም ሰው ቢታይ ምርጫ ቦርዱን ከሐሜት የሚያድነው ይመስለኛል። ኢንተርኔት ለሌለው ገበሬ ደግሞ የወረዳው ጣቢያዎች ቅጽ ቅጂ በወረዳው ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ ምን ይጎዳል?

የተደበቀ ቁጥር ዋጋ

የወሎ ሰው ቁጥር ሲደበቅ ምን እንደሚመጣ ማንም ሊያስተምረው አይገባም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃቡ ሲፈጀን የሚሞተው ሰው ብዛት ለረጅም ጊዜ በባለሥልጣናት ተሸፍኖ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ከደሴ በሚወጣው መንገድ ዳር የወደቁትን ማን እንደሚቆጥራቸው አላውቅም ነበር። ዓለም የሰማው ከውጭ የመጣ ጋዜጠኛ በፊልም ካሳየ በኋላ ነው። ቁጥሩ ቀድሞ አደባባይ ቢወጣ ኖሮ እህሉም ቀድሞ ይደርስ ነበር።

የምርጫ ቁጥር ሳይታመን ሲቀርም ሰው ይሞታል። ከግንቦት 7 ቀን 1997ቱ ምርጫ በኋላ በውጤቱ ላይ በተነሳው ውዝግብ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋግጧል። ከእነዚያ ውስጥ ብዙዎቹ የሰው ልጆች፣ የሰው የልጅ ልጆች ወጣቶች ነበሩ። መዝገብ ክፍት መሆኑ ብቻውን ያን ሁሉ ያስቀር ነበር አልልም። ነገር ግን የማይታይ ቁጥር ባለበት ሁሉ ወሬ ይነግሣል፤ ወሬ ሲነግሥ ደግሞ መንገድ ላይ የሚወጣው ወጣቱ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢያችንን ሲያዳርስ የመንግሥት ቢሮዎችና ጤና ተቋማት ተዘረፉ። ያኔ ያየነው አንድ ነገር አለ። አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ መዝገብ አንድ ቀን ይጠፋል፤ ቅጂ ያለው ግን ይተርፋል።

የመጠየቅ መብት

የተለጠፈው ካመለጠን ምን ይደረጋል? የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ጥያቄው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ ቢጠይቅ ኃላፊው ጽፎ ሊቀበለው ይገባል። ምላሽ መስጫው ጊዜ 30 ቀን ነው። ከተከለከሉ ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገርዎታል፤ ካልተስማሙበት አቤቱታው ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል። ለቅጂ የሚከፈል መጠነኛ ገንዘብ ሊኖር ይችላል።

«ነገ ተመለሱ» የሚለው መልስ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ስለዚህ ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱን ሰጥተው ሌላው ላይ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። ሠላሳው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው። የሚጠይቁትም ግልጽ ይሁን። «የምርጫውን መረጃ ስጡኝ» ከማለት ይልቅ የጣቢያውን ስም፣ የምርጫውን ዓመትና የወረቀቱን ዓይነት ይጥቀሱ።

ወሰኑንም እንወቅ

ክፍት መሆን ሁሉን መበተን አይደለም። የመራጮች መዝገብ የሚታየው ስሕተት እንዲታረም ነው። የሰዎችን ስም፣ ዕድሜና አድራሻ በስልክ አንስቶ በቴሌግራም መልቀቅ ሌላ ነገር ነው። ሰላም በራቀው በዚህ ዘመን የስም ዝርዝር በማን እጅ እንደሚወድቅ አይታወቅም። የኤችአይቪ ታካሚዎችን መዝገብ የምንቆልፈው ሰው እንዳይጎዳ ነበር፤ እዚህም ጥንቃቄው ያው ነው። ቁጥሩን ያሰራጩ፤ ስሙን ይጠብቁ።

ልጆች በመከለያው ውስጥ የመረጡበትን ወረቀት ፎቶ እንዳያነሱም ምከሯቸው። ዛሬ በፈቃዱ የሚያሳይ ከተለመደ ነገ በግድ አሳይ የሚባል ይመጣል። ዓይናቸው የደከመ ወይም ማንበብ የማይችሉ አረጋውያን ደግሞ የሚያምኑትን ሰው መርጠው እንዲረዳቸው ማድረግ ይችላሉ። መራጩ እሳቸው ናቸው፤ ረዳቱ እጅ እንጂ ሐሳብ አይሆንም።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አንድ ደብተር ይበቃል። በመጀመሪያው ገጽ 18 ዓመት የሞላቸውን የቤተሰብ አባላት፣ የጣቢያውን ስምና የምዝገባውን ቀን ይጻፉ። መዝገቡ ይፋ በሆነ ሰሞን ከቤት አንድ ሰው ሄዶ የሁሉንም ስም ያረጋግጥ፤ ቢቻል ከቅሬው ሁለት ሦስት አረጋውያን አብረው ይሂዱ። ድምፅ በተሰጠ ማግስት ጠዋት ወጣቱን ልጅ ወደ ጣቢያው ይላኩት። የተለጠፈውን ከላይ እስከ ታች ይገልብጥ፤ የተመዘገበውን፣ የመረጠውን፣ የሚሠራውንና ዋጋ የሌለውን ድምፅ፣ የእያንዳንዱን ዕጩ ቁጥር አይዝለል። ማታ ቡና ሲፈላ ይደመር። የምርጫ ክልሉ ውጤት ሲነገር የሌሎች ጣቢያዎችን ደብተር ከያዙ ዘመዶች ጋር ያመሳክሩት።

ገጥሞ ከተገኘ የደገፉት ሰው ቢሸነፍም ቤቱ በሰላም ያድራል፤ ልጁም መሸነፍ ማለት መሰረቅ ማለት እንዳልሆነ ይማራል። ካልገጠመም የሚያዘው ድንጋይ ሳይሆን ደብተሩ ነው፤ ቀን፣ ቁጥርና የጣቢያ ስም ያለበት አቤቱታ ከመቶ ጩኸት ይሻላል።

ደብተሩን ከልጆቹ የክትባት ካርድና ከቤቱ ካርታ ጋር ያስቀምጡት። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚቀጥለው ምርጫ ሲመጣ ይፈለጋል።